ቆስጣው የት ገባ

መስከረም 28

ይድረስ ለእትዬ፣

«በስልክ ስትሆን አባባ አጠገብህ ጆሯቸውን ተክለው ስለሚቀመጡ ትዋሸኛለህ፤ ጽፈህ ለአውቶቡሱ ሹፌር ስጥልኝ» ባልሽው መሠረት፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ለገዛ እህቴ እንደ ተከሳሽ የጽሑፍ መልስ ለማቅረብ ተቀምጫለሁ። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ። ሹፌሩ ትኬት ከምትቆርጪበት መስኮት ድረስ በእጁ እንደሚያደርስልሽ ምሎልኛል። መንገድ ላይ እንዳያነበው ፖስታውን በሙጫ ለጥፌዋለሁ፤ ሙጫው ግን ተማሪዎቼ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የሠሩት ስለሆነ ብዙ አልተማመንበትም።

አባባ ደህና ናቸው። ደህና ስልሽ፣ ቆመው ይሄዳሉ፣ ይቆጣሉ፣ ራዲዮኑን ይሰድባሉ ማለቴ ነው። ግራ እግራቸው ትንሿ ጣት ላይ ያለችው ቁስል እንዳለች አለች፤ አልሰፋችም፣ አልጠበበችም፣ እንደ እኔ የሥራ ደረጃ ባለችበት ቆማለች። ነርሷ «ስኳርዎ ካልወረደ ቁስሉ አይድንም፤ ነጭ ዳቦ ይብቃዎት፣ ቅጠላ ቅጠል ይብሉ» ስትላቸው፣ አርባ ዓመት ዳቦ የጋገሩት አባታችን መነጽራቸውን አውልቀው «እናትህን ካድ ብትይኝ ይቀለኝ ነበር» አሏት።

ውላችንም አልጠፋኝም። በታህሳሱ ቀጠሮ የስኳራቸው ቁጥር ካልወረደ መጥተሽ ትወስጃቸዋለሽ፤ አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የሌለው፣ አንዴ ከወጡ የማይወረድበት። ይህን ስነግራቸው «እኔ እርግብ ነኝ እንዴ?» ብለው ሁለት ቀን አኮረፉኝ። እኔም እንዲሄዱ አልፈልግም። ምክንያቱን አልዘረዝርም፤ ሹፌሩ ያነበዋል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ምን ይበላሉ? እትዬ፣ ቆስጣ ይበላሉ። አትሳቂ።

ትምህርት ቤታችን ዘንድሮ «ከመደብ እስከ ገበታ» የተባለ መርሐ ግብር ተክሏል። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያሉት ስድስት መደቦች የእኔ ግዛት መሆናቸውን ታውቂያለሽ። ሰኞ ሰኞ ሁለት መቶ አርባ ተማሪ አንዳንድ እስር ቆስጣ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሐሙስ ሁለት ነገር ይመልሳል፤ አንደኛ፣ «ቤተሰባችን በልቷል» የሚል ቅጽ፣ በቤቱ ትልቅ ሰው የተፈረመበት፤ ሁለተኛ፣ ነጩን ግንድ። ግንዱ ለብስባሽ ይሆናል፣ ቅጠሉ ለመበላቱም ምስክር ነው። ዳይሬክተራችን (ሰው ሁሉ ሜትሮ ይለዋል) ሐሙስ ሐሙስ ሜትሩን ይዞ ይመጣና የግንዱን ክምር ከፍታ ይለካል። ክምሩ አደገ ማለት ሕዝቡ ጤና ሆነ ማለት ነው። መምህራንም ምሳሌ እንድንሆን ስለታዘዝን አባባም ይፈርማሉ። እስሩን ጠዋት ተቀብለውኝ «አስቀምጠው፣ ምሳ ሰዓት ሠርቼ እበላዋለሁ» ይላሉ። ሐሙስ ግንዱን በላስቲክ ጠቅልለው ያቀብሉኛል፤ አንድም ሐሙስ አላዛነፉም።

ምከረው ምከረው ቢሉም፣ አንዳንድ ሰው መከራ ሳይመክረው ይሰማል ማለት ነው።

ወንድምሽ

*

ጥቅምት 12

ለሊቀ ጎመን ወንድሜ፣

ሙጫህ እንደ ፈራኸው ሆኗል። ሹፌሩ በመጣ ቁጥር መስኮቴ ላይ ተደግፎ «ያቺ ጣት እንዴት ሆነች?» ይለኛል፤ ከኋላው የተሰለፈው ሰው ደግሞ የኔ ጣት መስሎት ያዝንልኛል። ይቅርታ የጠየቅኸውን ተቀብያለሁ። አራት ገጽ ጽፈህ ሦስቱ ስለ ግንድ ክምር በመሆኑ ግን እንደገና እንድትጠይቅ እፈልጋለሁ።

አባባ ቆስጣ በሉ ነው የምትለኝ። አባባ። እናታችን በሕይወት እያለች ሰላጣ ስታቀርብ «ይሄን ማን አጨደው?» ይሉ የነበሩት ሰውዬ። ወንድሜ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀም። ሲጎርሱ በዓይኑ ያየ ሰው አለ? ግንድ አላልኩህም። ሰው ነው ያልኩህ።

ነርሷ በየወሩ ትለካቸዋለች አልነበር? የመስከረሙን ቁጥር ለምን አልጻፍክልኝም?

እኔ ያው ነኝ። በቀን ስድስት መቶ ሰው «አለ?» ይለኛል፣ እኔ «አልቋል» እላለሁ። ማታ ደረጃውን ስወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ አርፋለሁ።

እህትህ

*

ጥቅምት 30

ይድረስ ለእትዬ፣

ለ«ማን አየ» ጥያቄሽ ያለኝ መልስ በሕግ ፊት ደካማ፣ በአመክንዮ ግን ብርቱ ነው። በዓይኔ አላየሁም። ሜትሮ የምሳ ሰዓትን የውሃ ማጠጫ ሰዓት ካደረገው ወዲህ ምሳዬን እዚያው መሣሪያ ክፍል ውስጥ፣ በአካፋና በዶማ መካከል ቆሜ ነው የምበላው። ነገር ግን ግንዱ ከሰማይ አይወርድም፤ ግንድ ካለ ቅጠል ነበረ፣ ቅጠሉ ከሌለ ደግሞ አንድ ቦታ ገብቷል። ከአፍ ሌላ የት ይገባል?

ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ የምትጠራጠሪው። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሁለት እንግዶች መጥተው ክምሩን ዞሩት፣ ሸተቱት፣ ፎቶ ተነሡበት። ሜትሮ «ይህ የቤተሰቦቻችን ጤና ነው» ብሎ በእጁ ሲመታው ክምሩ ተንዶ የአንደኛዋን እንግዳ ጫማ ዋጠው። ቢሆንም አመሰገኑን። የአባባ ቅጽ «አርአያ» ተብሎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፊርማቸው ዱቄት ሲረከቡ የሚፈርሙት ያ ትልቁ ነው፤ የቅጹን ግማሽ ይዟል።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ ነርሷ ካርዱ ላይ አንድ ነገር ጽፋለች። የእጅ ጽሑፏ ግን እንዲህ ነው የሚባል አይደለም። መጀመሪያ ላይ ያለው አንድ ይሁን ሰባት ለመለየት ተቸግሬአለሁ። ጣታቸው ትንሽ ቀለም ለውጣለች፤ ብርድ ነው ይላሉ። ሹፌሩ ሰላም ይልሻል ማለት አያስፈልገኝም፣ ራሱ ይልሻል።

ወንድምሽ

*

ህዳር 9

ወንድሜ፣

አንድና ሰባትን መለየት ላቃተው መምህር ሁለት መቶ አርባ ልጅ አምኖ የሚሰጥን መንግሥት እግዜር ይባርከው። ለመለየት የከበደህ ስላልተነበበ አይደለም፤ ስላነበብከው ነው። አውቅሃለሁ። በልጅነትህ የትምህርት ቤት ካርድህን ጫማህ ውስጥ ደብቀህ ስታነክስ የከረምክ ልጅ ነህ።

ቀላል ነገር ልንገርህ፤ ቅጽ አይፈልግም፣ ሜትር አይፈልግም። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሳትነግራቸው፣ ቤት ሂድ።

ቀለሟ ምን ዓይነት ነው? ሐምራዊ ናት ወይስ ጥቁር?

እህትህ

*

ህዳር 24

ይድረስ ለእትዬ፣

ሂድ አልሽኝ፣ ሄድኩ። ሜትሮን ፈቃድ ጠይቄ ስለከለከለኝ «ጥርሴን» አልኩት። ሐሰት ነው፤ ነገር ግን ያን ቀን ያየሁትን ካየሁ ወዲህ ጥርሴ በእውነት ያመኛል።

ቤቱ ተቆልፏል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣

«በዚህ ሰዓት እዚህ የሉም፣ ሥራ ላይ ናቸው» አለችኝ።

«የምን ሥራ?»

«ልጃቸው አንተ ነህ፣ እኔን ትጠይቀኛለህ?»

እግሬ በራሱ አወቀው። ወደ ድሮው ዳቦ ቤት ሄድኩ። አባባ ሲለቁ ቤቱ ለረዳታቸው ለቡኮ እንደተላለፈ ታስታውሻለሽ። በኋላ በር ገባሁ። አባባ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል፤ በአንድ እጃቸው ገና እንፋሎቱ ያልወጣ ነጭ ዳቦ፣ በሌላው ከዘራ። ቡኮ ፊታቸው ቆሞ የእኔን ቆስጣ ይከትፋል። የእኔ መሆኑን ያወቅሁት በማሰሪያው ክር ነው።

«አድቅቀህ ክተፈው» ይላሉ፣ «ቅጠሉ ከታየ ልጆቹ ይለቅሙታል።»

«እሺ ማስተር።»

«ግንዱን እንዳትጨምር። ሊጡን ያጠጥረዋል። ደግሞ ግንዱ የመንግሥት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው እትዬ። በመጀመሪያው ሳምንት አባባ እስራቸውን ይዘው ቡኮ ጋ ሄዱ፣ ሊጥ ውስጥ አስገብተው አረንጓዴ ዳቦ አስጋገሩ፣ ለራሳቸው የድካማቸውን ነጭ ዳቦ ተቀበሉ። ዳቦው ጣፈጠ። የሠፈሩ እናቶች ሰሙ። ልጆቻቸው ቆስጣ ሲያዩ ጠረጴዛ ሥር የሚገቡ ናቸው፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ቅጠሉን ለቡኮ ሰጥታ ዳቦ መውሰድ፣ ግንዱን ደግሞ ሐሙስ ወደ እኔ መላክ ጀመረች። ሁለት መቶ አርባ ቤት! እኔ ሁለት ወር ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥርና ቅጠል እየሳልኩ ያላስገባሁትን ቆስጣ፣ አባባ ጆንያ ላይ ተቀምጠው አስገቡት። ሠፈሩ ሁሉ በልቷል። ቅጹ አልዋሸም፣ ክምሩ አልዋሸም፣ ሜትሮም ያለ ዕውቀቱ እውነት ተናግሯል። ያልበላ ሰው ቢኖር አንድ ብቻ ነው።

«አባባ፣ ቢያንስ አረንጓዴውን ለምን አይበሉም?» አልኳቸው።

«ጋጋሪ ይቀምሳል እንጂ አይበላም» አሉኝ፣ ነጩን እየጎረሱ። «አንተ ያስተማርከውን እኔ አበላሁልህ። ምን ጎደለ?»

እኔ የተማርኩት አፈርና ዘር ነው።

ለዛሬ ይኸው ነው። አባባ ለጥቂት ቀን ዳቦ ቤት አይሄዱም፤ እግራቸውን እያሳረፉ ነው። ቀለሟን ለጠየቅሽው፣ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ወንድምሽ

*

ታህሳስ 2

«እግራቸውን እያሳረፉ ነው» ስላልከኝ ሆስፒታል ደውዬ ነበር። የተኙበትን ክፍል ነርስ አገኘኋት። «ልጃቸው ነኝ» ስላት «እንዴ፣ ሌላም ልጅ አላቸው?» አለችኝ።

ቀለሟን ሌላ ጊዜ አትጻፍልኝ። አሁን ቀለም የላትም።

ፈቃድ የሰጡኝ ለወሩ መጨረሻ ነው፤ ያኔ እመጣለሁ። ለመመለሻው ሁለት ወንበር ይዣለሁ፤ የአባባ ከሹፌሩ ጀርባ፣ እግራቸውን የሚዘረጉበት። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፣ ያለ ቀልድ። ምሳ ሰዓት ላይ ከማን ጋር ይበሉ ነበር?

*

ታህሳስ 8

እትዬ፣

ያለ ቀልድ ብለሻል። እሞክራለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ ካመለጠኝ ተይልኝ።

ረቡዕ ገቡ፣ ሐሙስ ተቆረጠ። ትንሿ ጣት ብቻ። ሐኪሙ «በጊዜ ደርሳችኋል» አለ፤ እኔ በጊዜ አልደረስኩም፣ ቡኮ ነው በጋሪ ያደረሳቸው። ያን ስለ አረንጓዴው ዳቦ የጻፍኩልሽን ደብዳቤ ከአልጋቸው አጠገብ ባለው የብረት ወንበር ላይ ሆኜ ነው የጻፍኩት። እሳቸው ተኝተው ነበር። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለ ቡኮና ስለ ከተፋው ስጽፍ አንዳንዴ እስቅ ነበር፤ ስለ ጣቷ ልጽፍ ስል ብዕሩ ወደ ክምሩ ይመለሳል። ይቅርታ። ብትሰሚ ሥራሽን ጥለሽ ትነሺያለሽ፣ ትወስጃቸዋለሽ ብዬ ፈራሁ። ከአንቺ ሸሽጌ ላቆያቸው ፈለግሁ፤ ይኸው ነው።

ከማን ጋር ይበሉ ነበር? ይህን እኔም ጠየቅኋቸው። የቅጹ መጨረሻ ላይ «አብረው የበሉ ሰዎች ብዛት» የሚል መስመር አለ። መስመሩን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ትምህርት አምስት፣ «ጤናማ ገበታ ሰው ያለበት ገበታ ነው»። አባባ በየሳምንቱ «2» ብለው ሞልተዋል። ሰቅለነው ካነበብነው ሁላችን መካከል ልብ ያለ የለም፣ እኔም ጭምር።

«ሁለተኛው ማን ነበር?» አልኳቸው።

«ራዲዮኑ» አሉ።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነገሩኝ። በመጀመሪያው ሰኞ ቆስጣውን በእውነት ቀቅለውት ነበር። ሳህን ላይ አድርገው ተቀመጡ፣ አንድ ሹካ አነሡ። «ቅጠሉ አልነበረም ችግሩ» አሉኝ። «እሱስ መድኃኒት ነው ብዬ እውጠው ነበር። አንድ ሳህን ይዤ ከግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ስተያይ፣ ምን ልበልህ፣ የታመምኩ መሰለኝ። ቡኮ ጋ ሰው አለ። ሰው ባለበት ደግሞ ያለው ዳቦ ነው።»

እትዬ፣ ትምህርት ቤቱ ከቤታችን አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ። ለሁለት መቶ አርባ ቤተሰብ «አብራችሁ ብሉ» እያልኩ መሣሪያ ክፍል ውስጥ ቆሜ ዳቦ በሻይ ስበላ ሁለት ወር ሆነኝ።

አሁን ስድስት ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ሜትሮ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ጽፎልኛል፤ ሁለተኛውንም አዘጋጅቶ ቀኑን ብቻ ነው ያልሞላው። ውሃውን ጥበቃው ያጠጣልኛል፣ ከእኔ ይበልጥ ያውቅበታል። ቤት ስደርስ አባባ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ይከትፋሉ፣ እኔ እቀቅላለሁ። ቆስጣ፣ ምስር፣ አንዳንድ ቀን ካሮት። «ሣር ነው» ይላሉ፤ «ሣር ነው» እላለሁ፤ እንበላዋለን። ብዙ አናወራም። የምናወራው ነገር እንዳለን ገና አልደረስንበትም።

ይህን የምጽፍልሽ አትምጪ ለማለት አይደለም። ውሉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ጥሩ ወንበር ነው።

ወንድምሽ

*

ጥር 5

ወንድሜ፣

በሰላም ገባሁ። ሹፌሩ መንገዱን ሁሉ በመስተዋቱ ከኋላው ያለውን ባዶ ወንበር ሲያይ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ «ኧረ ሰው ልጫንበት ወይ?» አለኝ። «ተወው» አልኩት። ቦርሳዬን አስቀመጥኩበት።

ለምን ሳልወስዳቸው እንደ ተመለስኩ ማወቅ ፈልገህ ነበር፤ አባባ በሌሉበት ልትጠይቀኝ ጣቢያ ድረስ ተከትለኸኝ ሳትጠይቀኝ ተመለስክ፣ እንደ ልማድህ። በውላችን ከሆነ የእኔ ናቸው። ቁጥሩን አብረን አይተነዋል፤ ወርዷል፣ ግን ነርሷ ልታበረታታን ፈልጋ እንኳ «ጥቂት» ከማለት አላለፈችም።

ነገሩ የሁለተኛው ቀን ምሳ ነው። አባባ ካሮታቸውን ወደ አንተ ሳህን ገፉት። አንተ መለስክ። ገፉ፣ መለስክ። ካሮቱ በረደ። ከዚያ አንተ ለሁለት ቆረጥከው፣ እሳቸው ትልቁ የቱ እንደሆነ መነጽራቸውን አድርገው መረመሩ፣ ትንሹን ወሰዱ፣ በሉ። እኔ ጋ ቢመጡ ካሮቱን ወደ ማን ይገፋሉ? በስድስት ሰዓት እኔ መስኮት ላይ ነኝ። እኔ ያለኝ አራት ፎቅ ደረጃና ንጹሕ አንሶላ ነው። ስለዚህ ይቆዩ። እስከ ሚያዝያው ቀጠሮ፣ ከዚያ እንደገና እንነጋገራለን። ሜትሮ ካባረረህ ንገረኝ።

አንድ ሌላ ነገር። ቅሬታ አድርገህ አትውሰደው፣ ደክሞኝ ስለሆነ ነው የምጽፈው። ከመስከረም ጀምሮ አባባ ምን እንደሚበሉ ጠየቅሁህ፣ አንተም ስለ ክምሩ፣ ስለ ሜትሮ፣ ስለ ቡኮ ከተፋ ሳይቀር ነገርከኝ። እኔ ምን እንደምበላ አንድ ቀን አልጠየቅኸኝም። አልተቀየምኩም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ትናንት ሥራ ገብቼ ስድስት ሰዓት ላይ እጄን አየሁት፤ በአንዱ ትኬት፣ በሌላው ብስኩት ይዟል። እንዲህ መብላት ከጀመርኩ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እንጃ። የተሰለፈው ሰው «አለ?» ሲለኝ አፌ ሞልቶ ስለነበር ራሴን ነቀነቅሁ።

ነርሷ አባባን ከለካች በኋላ፣ እናንተ ከዘራውን ስትፈልጉ፣ «አንቺስ?» ብላ ጣቴን ወጋችኝ። ቁጥሩን አልነገርኳችሁም።

እህትህ

*

ጥር 11

ይድረስ ለእትዬ፣

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ነው የምጽፈው። አባባም በከዘራቸው እየተራመዱ ጣቢያ መጥተዋል፤ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አስነብበውኝ ጫማቸውን ጠየቁ።

ዛሬ ምሳ ምን በላሽ? ትናንትስ? ከማን ጋር? ቁጥሩ ስንት ነው?

በዝርዝር መልሺ። አባባ «ደህና ነኝ ብላ ከጻፈች ወረቀቱን መልሰህ ላክላት» ይላሉ። እኔ «ካልመለስሽ ምሳ አንበላም» ብዬ ልጨርስ ነበር፤ እሳቸው በትከሻዬ ላይ አንብበው «አትዋሽባት፣ እንበላለን» አሉኝ።

ስለዚህ እየበላን እንጠብቅሻለን።